ቀለም ማስለቀቅ

የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንድ ጊዜ ቀለም ቀብተናቸው ነበር። ቀልዴን አይደለም። ቀይ ቀለም። ዘመኑም የግራኝ ወይም የድርቡሽ ዘመን አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1954 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ያደረገውም ጠላት አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ያረጁትን አብያተ ክርስቲያናት እንዲያድስ ሥራ የሰጠው ሴባስቲያኖ ኮንሶሌ የሚባል ጣሊያናዊ ተቋራጭ ነው። ቤተ አማኑኤልን ጨምሮ የጥቂቶቹን ግድግዳ መጀመሪያ ሬንጅ አለበሱት። ሬንጅ ደግሞ ጥቁር ነው፤ የሮሃ ድንጋይ ቀላ ያለ ነው። ስለዚህ በሬንጁ ላይ ቀይ ቀለም ደረቡበት። አለቀ።

ይህን የነገርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ መጀመሪያ «ሂድ ወዲያ!» ይሉኛል። ቀጥለው ይስቃሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ የሚያስቡትን አውቃለሁ፤ «ማን ፈቀደለት?» ነው። እኔን ግን ከፈቃዱ ይልቅ የሚገርመኝ የነገሩ ተራነት ነው። በየጋራዡ፣ በየቤቱ፣ በየደብሩ በየጊዜው የምናየው ነገር እኮ ነው። የተጫረ ነገር አለ። ጭረቱን እንዲሸፍንልን ያገኘነውን ቀለም እንቀባዋለን። የቀባነው ከጭረቱ የባሰ ያስጠላል። ከዚያ ወዲያ ችግራችን ጭረቱ መሆኑ ይቀርና ቀለሙ ይሆናል።

ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደው 64 ኪሎ ሜትር መንገድ ለብዙ ዓመታት ኮረኮንች ነበር። በዚያ መንገድ ቱሪስት ያመላልስ የነበረ አንድ የማውቀው ሾፌር የላንድክሩዘሩን በር ቁጥቋጦ ጫረበት። ስንዝር የማይሞላ ጭረት ናት። የመኪናው ባለቤት ሳያይብኝ ብሎ ወልድያ ላይ አንድ ጣሳ የዘይት ቀለም ገዛ። ነጭ ብሎ የገዛው ቀለም በሩ ላይ ሲደርቅ አስኳል የነካው ነጭ ሆነ። ያንን ለማስተካከል በላዩ ሌላ ነጭ ደረበበት። እሱ ደግሞ ሳይደርቅ አቧራ ጠጥቶ ሸካራ ሆኖ አደረ። በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ ደህናውንም ቀለም ይዞት ተነሳ። በመጨረሻ የስንዝሯ ጭረት የአገልግል ክዳን የምታክል ጠባሳ ሆና አዲስ አበባ ገባች።

ጋራዥ አብሬው ሄጄ ነበር። ቀለም ቀቢው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቱታቸው የሠሩበትን መኪና ሁሉ ቀለም የያዘ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይቺን በስንት ትቀቡልናላችሁ?» አልኳቸው። በሩን በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው አዩና «መቀባቱ ቀላል ነው ልጄ። ዋጋው የማስለቀቁ ነው» አሉኝ። ከዚያ አስረዱኝ። የመኪና ቀለም አንድ ነገር አይደለም። ከብረቱ ቀጥሎ አንቲረስት አለ፤ ብረቱ ከተጎረበጠ ስቱኮ ይሞላል፤ ከዚያ ቀለሙ፣ ከቀለሙ በላይ የሚያብለጨልጨው ስስ ልባስ አለ። ሾፌሩ የቀባው ከነዚህ ከአንዱም ጋር ዘመድ ያልሆነ ነገር ነው። እሱን ለማንሳት ቲነር ቢያፈሱበት የፋብሪካውንም ቀለም ያነሳዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በበሩ የውስጥ ጠርዝ፣ ማንም በማያየው ቦታ ይሞክሩታል። ከዚያ ቀስ እያሉ፣ በረቂቁ የብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ እያራሱ። «እኔ የምፈልገው ፋብሪካው የጨረሰበትን ቦታ ነው» አሉ። «እሱን እስካገኝ ድረስ ቀለም አልነካም። ከሥር ዝገት ይዞ እንደሆነ ደግሞ ያኔ ይታያል። ዝገት ላይ የቀባህ እንደሆነ እሳት አዳፍነህ መተኛት ነው።»

በነገራችን ላይ የጋራዣችን ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ባትላሜራ፣ ስቱኮ፣ ጎሚስታ እያልን ስንውል አናስተውለውም። የማወራው የላሊበላ ታሪክም እንደዚሁ ጣሊያን የበዛበት ነው። አንዱ ጣሊያናዊ ቀባ፣ ሌላው ጣሊያናዊ ሊያስለቅቅ መጣ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌሎች ጣሊያናውያን ጣራ ቀረጹ። ይህን የምለው እነሱን ለመክሰስ አይደለም። ሦስቱንም ጊዜ በራችንን የከፈትነው እኛ ነን።

ወደ ድንጋዩ እንሂድ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት አለት የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ባለ ቀዳዳ፣ ከሌላው ጥቁር ድንጋይ ጋር ሲነጻጸር ለመሮ የሚታዘዝ። ባይታዘዝ ኖሮማ 33 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 11 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ቤተ መድኃኔ ዓለምን ከአንድ አለት ቀርጾ ማውጣት ባልተቻለ ነበር። ታዲያ ለጠራቢው የታዘዘው ድንጋይ ለዝናቡም ይታዘዛል። ቀዳዳው ውሃ ይጠጣል። በውስጡ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ዓይነት ማዕድን አለበት። የላስታ ዓመት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ራሱ ይገምታል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ዶፍ፤ ከዚያ ወራት የሚዘልቅ ደረቅ ፀሐይና ሌሊት ብርድ። ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ስምንት መቶ ዓመት።

ጠራቢዎቹ ይህን አያውቁም ነበር ማለት ይከብደኛል። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው ከመስቀሉ ቅርጽ በላይ ሌላም ነገር ይመለከት። ጣራው ውሃ እንዲያቆር አልተተወም፤ ከጣራው ላይ የሚወጡት አሸንዳዎች ውሃውን ከግድግዳው አርቀው ይተፉታል። በየግቢው ዙሪያ የተቆፈረው ቦይም ለመተላለፊያ ብቻ ሳይሆን ለጎርፍ መውጫ ጭምር ነው። ድንጋዩ ውሃ መጠጣቱን ማስቀረት አይቻልም፤ የጠጣውን እንዲያወጣ ግን መንገድ ይተዉለታል። ለዚህም ነው ዛሬ በላዩ ምንም ያልተደረበበት ቤተ ጊዮርጊስ ከሁሉም በተሻለ ሁኔታ ላይ የሚገኘው። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ ከ1520 እስከ 1526 እዚህ አገር በቆየበት ጊዜ አይቷቸው፣ መጽሐፉ 1540 ሊዝበን ላይ ሲታተም «አይታመነኝም» ብሎ ፈርቶ ያየው እውነት ስለመሆኑ እስከ መማል የደረሰው ያለ ነገር አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ድንጋይ ላይ ነው ሬንጅ የተቀባው። ሐሳቡ በራሱ የዋህ ሐሳብ ነው፤ ውሃ እንዳይገባ ድፈነው። ግን ውሃ የሚገባው በተቀባው ግድግዳ በኩል ብቻ አይደለም። በጣራው ስንጥቅ ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከእናት አለቱ ጋር ገና የተያያዘ ስለሆነ ከሥርም ይመጣል። የገባው ውሃ ቀድሞ በግድግዳው ፊት በኩል በንኖ ይወጣ ነበር። አሁን ፊቱ ተደፈነ። ከሬንጁ ጀርባ ይጠራቀማል፤ ይዞት የመጣው ጨው እዚያው ይደርቃል፤ የድንጋዩ ቆዳ ከውስጥ ይላላል። ቀለም ቀቢው ጋሼ «እሳት አዳፍነህ መተኛት» ያሉት ማለት ነው። ከውጭ ሲያዩት ደግሞ ለጊዜው ያምራል! ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ክፉ ጥገና መጀመሪያ ላይ ከደግ ጥገና ይልቅ ያምራል።

ጊዜውንም ማየት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡበት 25ኛ ዓመት፣ የብር ኢዮቤልዩ፣ በ1955 ሊከበር አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ሁለቱ መገናኘት አለመገናኘታቸውን አልልም፤ የዘመኑን መንፈስ ግን ይነግረናል። አገሪቱ የምትታደስበት፣ የምትወለወልበት ዘመን ነበር። ሲሚንቶና ሬንጅ የዘመናዊነት ምልክቶች ነበሩ። ደግሞም እኛ ብቻ አልነበርንም። አቴና ላይ ኒኮላዎስ ባላኖስ የተባለው መሐንዲስ ከ1898 ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ፓርቴኖንን ሲጠግን ዕብነ በረዱን በብረት ማያያዣ አሰረው። የጥንቶቹ ግሪኮችም በብረት ያስሩ ነበር፤ እነሱ ግን ብረቱን በእርሳስ ይለብጡት ነበር። የባላኖስ ብረት ዛገ፤ ሲዝግ አበጠ፤ ሲያብጥ 2,400 ዓመት የቆየውን ዕብነ በረድ ሰነጠቀው። ከ1975 ወዲህ ለአክሮፖሊስ የተቋቋመው ኮሚቴ ካከናወናቸው ሥራዎች ትልቁ ክፍል ይህንን ብረት እየነቀሉ በታይታኒየም መተካት ነው። ማለትም ጥገናውን መጠገን። ባላኖስ የሠራው በአርባ ዓመት ገደማ ነበር፤ ማስለቀቁ ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ልበል። እኛ እንዲህ ያለውን ሥራ «እድሳት» እንለዋለን። እድሳት ከ«አዲስ» የመጣ ነው። ማደስ፣ አዲስ ማድረግ። ለአንድ የስምንት መቶ ዓመት ቤት «አድሱልኝ» ተብሎ ሥራ ሲሰጥ፣ ሠራተኛው አዲስ ቢያደርገው በምን ይፈረድበታል? ቃሉ ያዘዘውን ነው የፈጸመው። ሌላ ቃል ግን አለን፤ «መጠገን»። ወጌሻ የሚጠቀምበት ቃል ነው። የተሰበረ እጅ ይጠገናል እንጂ አይታደስም። ወጌሻ አጥንቱን መልሶ ያገናኘዋል፣ በሸንበቆ ያስረዋል፣ ከዚያ ይጠብቃል። የሚድነው አጥንቱ ራሱ ነው። ማንም ወጌሻ የተሰበረውን ክንድ አውጥቶ አዲስ አይተክልም፤ ቆዳውንም ቀይ አይቀባም። መሥሪያ ቤቶቻችን በየሰነዱ «ጥገናና እድሳት» እያሉ ሁለቱን አጣምረው ሲጽፉ ሳይ፣ ወጌሻውንና ልብስ ሰፊውን ለአንድ ሕመምተኛ የጠሩ ይመስለኛል።

ማስለቀቁ የተጀመረው ከቅቡ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጄምስ ግሬይ የተባሉ ጡረተኛ የአሜሪካ ጦር ኮሎኔል በ1965 ኒውዮርክ ላይ ለቅርሶች የሚቆም አንድ ድርጅት አቋቋሙ፤ ዛሬ የዓለም ቅርሶች ፈንድ የሚባለው ነው። ሰውየው ቀደም ብለው የፒዛን ዘንባላ ማማ ከሥሩ ያለውን አፈር በማቀዝቀዝ ለማቆም ያሰቡ ባለ ብዙ ሐሳብ ሰው ነበሩ። ማማው ሳይቀዘቅዝ ቀረ፤ የድርጅታቸው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ላሊበላ ሆነ። ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በመተባበር በ1966 የተጀመረውን ሥራ የመራው ሳንድሮ አንጀሊኒ ይባላል፤ የቤርጋሞ ሰው፣ አርክቴክት። እስከ 1972 ድረስ ከሠሯቸው ነገሮች አንዱ የ1954ቱን ሬንጅና ቀለም ማንሳት ነበር። ቦዮችን መጥረግ፣ የውሃውን መውጫ መክፈት፣ ስንጥቆችን መድፈን ሌላው ሥራቸው ነው።

አስቡት እስቲ። ከመኪና በር ላይ የተሳሳተ ቀለም ማንሳት አስቸጋሪ የሚሆነው ደህናውን ቀለም እንዳይነካ ነው። ቢነካም ግን ስቱኮ አለ፣ ሌላ ቀለም አለ፣ ባይሆን ሌላ በር ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ ይገጠማል። ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ላይ የተቀባ ሬንጅ ግን ላዩ ላይ አይቀመጥም፤ ቀዳዳ ለቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። እሱን ማንሳት ማለት ከድንጋዩም ትንሽ ማንሳት ነው። የድንጋዩ ፊት ደግሞ ተራ ፊት አይደለም። የዚያ ጠራቢ የመሮ ምልክት ያለው እዚያ ላይ ነው። አንዴ ከሄደ ፋብሪካው የለም። ጋሼ «ፋብሪካው የጨረሰበትን ቦታ» ይፈልጋሉ፤ የቤተ አማኑኤል ፋብሪካ በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የተዘጋ ነው።

አንዳንድ ነገር ደግሞ ጨርሶ የሚለቀቅ አይደለም። ዛሬ ቤተ መድኃኔ ዓለምን ከውጭ የከበቡት ምሰሶዎች አብዛኞቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ ተገንብተው የተተኩ ናቸው፤ ጠጋ ብሎ ላየ መገጣጠሚያቸው ይታያል። አስጎብኚው ሁሉንም በአንድ ላይ «ከአንድ አለት» ብሎ ሲያልፍ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ምን ማድረግ ይቻላል? ፈርሶ ከሚቀር ተተክቶ መቆሙ ይሻላል፤ ግን የትኛው የንጉሥ ላሊበላ ዘመን፣ የትኛው የአያቶቻችን ዘመን ሥራ እንደሆነ ለሕዝቡ መንገር ነውር የለበትም።

ከአንጀሊኒ በኋላ 1974 መጣ፤ መንግሥት ተቀየረ፤ ሥራው ቆመ። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። ደስ የሚል ዜና ነው። ውሃው ግን ምዝገባ አያነብም። ስንጥቁ መልሶ አንጠባጠበ። ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ዝናብ ሲገባ ቆርቆሮ ተፈለገ፤ በእንጨት ምሰሶ የቆመ የቆርቆሮ ጣራ በአንዳንዶቹ ላይ ተሠራ። እሱም «ለጊዜው» ነበር። በሺዎች ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ጎብኚ አይቶት ያዝን ነበር፤ ሥራውን የሠሩት ካህናትና የአገሩ ሰዎች ግን አንድ ነገር ትክክል ሠርተዋል ብዬ አምናለሁ። ቆርቆሮው ድንጋዩን አይነካም። ቢያስጠላ ይነቀላል።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ በጣሊያን አርክቴክቶች ንድፍ፣ በ2008 አራት ግዙፍ መጠለያዎች ቆሙ፤ በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያምና አብሮት ባለው ቤተ መስቀል፣ በቤተ አማኑኤል፣ በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ። ሲታሰቡ ጊዜያዊ ነበሩ። ከሥራቸው ያለው ቅርስ በተረጋጋ ሁኔታ እስኪጠገን ዝናብ እንዲከለክሉ ነው። ዝናቡን ከልክለዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ነገር ታየ። ድንጋዩ ከሚገባው በላይ ደረቀ። ለስምንት መቶ ዓመት ክረምት ጠጥቶ በጋ ሲደርቅ የኖረ አካል፣ በአንድ ጊዜ «ከዛሬ ጀምሮ ውሃ የለም» ተባለ። ያ የሚያብጠውና የሚኮማተረው ማዕድን አሁን መኮማተር ብቻ ሆነ፤ መሰነጣጠቁ ሌላ መልክ ያዘ። ሬንጁ ውሃ እንዳይወጣ ከለከለ፤ መጠለያው እንዳይገባ ከለከለ። አንዱ በቆዳው ላይ የተቀባ፣ ሌላው በአየር ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ልዩነት ነው። ሁለቱም ግን ድንጋዩን የቆጠሩት እንደ ሞተ ዕቃ ነው።

በዚያ ላይ ክብደቱ አለ። የብረት ምሰሶዎቹ የቆሙት በዚያው አለት ላይ ነው፤ የላስታን ንፋስ ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል። ከሥሩ ቆሞ የሚቀድስ ቄስ፣ ልጇን ክርስትና የምታስነሳ እናት፣ ያ ብረት ሲያቃስት ሲሰሙ የሚያስቡት ስለ ማዕድን አይደለም። በ2018 የላሊበላ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ «መጠለያው ሳይወድቅብን ይነሳልን» ብሎ ጮኸ። ይህ ሰልፍ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በ1954 ሬንጅ ሲቀባ የሮሃን ሰው የጠየቀ የለም፤ በ2008ም መስማማቱን እንጂ ማወቁን የፈለገ ብዙ አልነበረም። ከሰልፉ ጥቂት ወራት በኋላ፣ መጋቢት 2019 ላይ፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው አገራቸው እንደምትረዳ ተናገሩ። የሁለቱ አገር ባለሙያዎችም ጥናት ጀመሩ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2021 ከተማዋ ከአንዴም ሁለቴ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። ጎብኚ ጠፋ፤ በጎብኚ የሚኖረው ሁሉ ጾሙን አደረ።

አሁን እንግዲህ እንቆቅልሹን እዩት። መጠለያው ቢቀመጥ ድንጋዩ ይደርቃል፣ ሕዝቡ ይሰጋል። በአንድ ቀን ቢነሳ ደግሞ ዓመታት ደርቆ የተሰነጣጠቀ ድንጋይ የክረምቱን ዶፍ በባዶ ራሱ ይቀበላል። ያን የሚያህል ብረት ከቅርሱ አናት ላይ ማውረድም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የጋራዡ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ከሥር ያለውን ማየት፤ ጣራውን መጠገን፣ ስንጥቁን መሙላት፣ ድንጋዩ ዝናብን ለመቀበል ሲችል መጠለያውን ማንሳት። «ነገ ይነሳ» የሚለው ወገንም፣ «ምን አለበት ይቆይ» የሚለውም ለእኔ ሾፌሩን ይመስሉኛል። ሁለቱም ከበሩ እንጂ ከዝገቱ አይጀምሩም።

እንዲህ ሊሠራ እንደሚችል ደግሞ ማስረጃው እዚያው ላሊበላ ውስጥ አለ፤ ከመጠለያዎቹ ያነሰ ወሬ የተወራለት ግን። ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት ያው የዓለም ቅርሶች ፈንድ ከእኛው ባለሥልጣንና ከቤተ ክርስቲያኗ ጋር ሆኖ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ ቀጥሎም በቤተ ጎልጎታና ሚካኤል ላይ ሠርቷል። ከላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም። የተሠራው እጅ ለእጅ ነው። ለስላሳውን ድንጋይ በሚጫነው በሲሚንቶ ፈንታ በኖራ የተቦካ ድብልቅ፣ የሚተነፍስ፣ ከድንጋዩ ይልቅ ራሱ ቀድሞ የሚሰነጠቅ። ይህ ለሰሚው ጉድለት ይመስላል። ጥቅሙ ግን እዚያ ነው። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይበልጥ ጠንካራ ስለሆነ ሲጨናነቁ የሚሰበረው ድንጋዩ ነው፤ ኖራ ሲሆን ግን የሚሰበረው ኖራው ነው፤ ኖራውን ከርሞ መልሰህ ትሞላዋለህ። የአገሩ ልጆችም ሥራውን ተማሩት።

«ከርሞ መልሰህ» የሚለው ግን አይጥመንም። እኛ የምንወደው ምረቃ ነው። ሪባን የሚቆረጥበት፣ ሰሌዳ የሚሰቀልበት ሥራ እንወዳለን። በየዓመቱ ግንቦት ላይ መሰላል ተደግፎ ጣራ ላይ የሚወጣ፣ ቦይ የሚጠርግ፣ ጣት የምታህል ስንጥቅ የሚሞላ ሰው ማንም አያስመርቀውም። በየገጠሩ ደብር የእድሳት ኮሚቴ ሲቋቋም የመጀመሪያው ወጪ ቀለም ነው። ስለቱም ቀለም ነው፤ ምእመኑ ጣሳ ተሸክሞ ይመጣል። በቅን ልቡ ነው። የድሮው የግድግዳ ሥዕል በዘይት ቀለም ተሸፍኖ ሲያብረቀርቅ «አማረ!» እንላለን። ከሥሩ ያለው ሥዕል የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሲመጣ ቀለሙ ደርቋል። በ2012 ስፔን ውስጥ ቦርሃ በምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት አረጋዊት ምእመን የተላላጠ የክርስቶስ ሥዕል በራሳቸው ብሩሽ ሊያድሱ ሞክረው ዓለም ሲስቅባቸው ከረመ። እኔ መሳቅ አቅቶኝ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ስንት እናቶች ከነጣሳቸው በየደብራችን ደጅ ቆመው እንደሚሳለሙ አውቃለሁና።

ላሊበላን ለማየት የውጭ አገር ጎብኚ ለዓመታት 50 ዶላር ይከፍል ነበር። ሰላም ሆኖ ጎብኚው በተመለሰ ጊዜ ከዚያ ላይ ለእነዚያ ኖራ ማቡካት ለተማሩ ልጆች የዓመት ደመወዝ ቢቆረጥላቸው፣ ለቅርሱ ከአንድ መጠለያ የበለጠ ይሠራሉ ብዬ እከራከራለሁ። መሣሪያቸው ባልዲ፣ መሰላል፣ ማንኪያና ብሩሽ ነው። የሚሠሩባቸው ወራትም የታወቁ ናቸው፤ ከጥምቀት በኋላ ይጀምራሉ፣ የሰኔው ደመና አቡነ ዮሴፍ ላይ ሲቀመጥ ይወርዳሉ።